መጨረሻ ያየው ሰው

አበጀ በየሳምንቱ ስድስት ሳሙና ከእኔ ይገዛ ነበር። ብቻውን ለሚኖር ወንድ ስድስት ሳሙና በሳምንት ምን ያደርግለታል? እኔም እንዲህ ያለ ነገር ሆዴ አይችልምና አንድ ቀን ጠየቅኩት።

«ሳሙናውን ትበላዋለህ እንዴ?»

«እጄን አታዪውም? የሞተር ግራሶ ብቻ እኮ ነው።»

እጁን ዘረጋልኝ። አንድም ጠብታ ግራሶ የለበትም።

«እጅህማ የሙሽራ እጅ መስሏል» አልኩት።

ያን ጊዜ ነው አንገቱን የደፋው። የሃምሳ ዓመት ሰው እንደ ኮረዳ ሲያፍር አይቼ አላውቅም። ሳሙናውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁትና ከግቢው እስኪወጣ ጀርባውን አየሁት።

እኔ ትሩፋት እባላለሁ። አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ቤንዚንና ናፍጣ ስመረምር ኖሬ፣ በ1989 ማጣሪያው ሲዘጋ ሳሙና ሠሪ ሆንኩ። ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ ይሳቅ። ኮስቲክ ሶዳና የሰሊጥ ዘይት በልክ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ በከተማው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አበጀ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ኮሌጅ አብረን ገብተን፣ አብረን ተመርቀን፣ በ1963 በአንድ አውቶቡስ አሰብ ወረድን። ማጣሪያው ውስጥ የፓምፕ ጥገና ኃላፊ ነበር። ሥራው ሲቀር ካቻቪቴና ፒንሳውን ይዞ አሰብ ሰጊር የሚባለው ሰፈር ወረደና የዓሣ አጥማጆችን የጀልባ ሞተር መጠገን ጀመረ። ከሚስቱ ከሶሲ ጋር ከተለያዩ ዐሥር ዓመት አልፏቸው ነበር። ሶሲ ስትሄድ፣ «እዚህ ቤት ከእኛ ሌላ ሰው ይኖራል፤ ማን እንደሆነ ግን አይነግረኝም» ብላ እንደነበር ሰምቻለሁ። ያኔ ሴት ያለው መስሎኝ ታዝቤዋለሁ።

የሳሙናውን ነገር የደረሰችበት ዙለይኻ ናት። ዙለይኻ የጓደኛችን የሀምዳን ሚስት ናት፤ አሰብ ውስጥ የማታውቀው የለም።

«የበይሉል መንደር ድፍን ሰዉ በአንቺ ሳሙና ነው የሚታጠበው፣ ትሩፋትዬ። አበጀ ሞተር ሊጠግን ሲሄድ ለሰው ሁሉ ያድላል። አንድም ለራሱ አያስቀርም።»

«ታዲያ ለምን ይገዛል?»

ዙለይኻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ወላሂ፣ ተማርኩ የምትይው አንቺ ነሽ!»

አሁን ስለ ፍሬው መናገር አለብኝ።

ፍሬው አሥራትም የክፍላችን ልጅ ነው። እጮኛዬ ነበር። ጥር 9 ቀን 1970 ጠዋት ከቤቴ ሲወጣ፣ «ስምንት ሰዓት ፈረቃዬን ጨርሼ ለምሳ እመጣለሁ» አለኝ። አልመጣም። ያ ዓመት ሰው ወጥቶ የሚቀርበት ዓመት ነበር። በማግስቱ ካድሬዎች እኔን ወስደው ሁለት ቀን፣ «የት ነው ያለው?» ሲሉኝ ዋሉ፤ አደሩ። አላውቅም ነበርና አላውቅም አልኩ። ለቀቁኝ። ከዚያ ወዲህ ሬሳውን ያየ የለ፣ ወሬውን የሰማ የለ።

ማጣሪያው ከተዘጋ በኋላ የፈረቃው ሳይረን ቀርቷል። እኔ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን እሰማዋለሁ። ከሳይረኑ ቀጥሎ የግቢዬ ጠጠር በሰው እግር ይንኮሻኮሻል። ቀና ስል ማንም የለም። ገበያ መሐል ጀርባውን አይቼ የተከተልኩት ሰው ብዛቱ! አንዱ ዞሮ፣ «እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» ሲለኝ ነው ማርጀቴን ያወቅኩት። ሐኪም ቤት ሄጄ ብናገር መድኃኒት ይሰጡኝ ይሆናል፤ ግን መዳን መቼ ፈልጌ።

ይህን ነገር አደባባይ ያወጣው ደግሞ የኮሌጃችን ስብሰባ ነው። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ነፋስ ሲነሳ፣ አሰብ የቀረነው የአንድ ክፍል ልጆች ሀምዳን ግቢ እንገናኛለን። ሀምዳን የወደብ ክሬን መሐንዲስ ነበር፤ አሁን ዳቦ ጋጋሪ ነው። ስብሰባው የሚከፈተው እንደ ተማሪ ቤት በስም ጥሪ ነው። ደንቡም አንድ ነው፦ የቀረ ሰው ስም ሲጠራ፣ ያንን ሰው መጨረሻ ያየው «አቤት» ይልለታል፤ ቀጥሎም ወሬውን ይናገራል። ሰውየው መሞቱ ከታወቀ ስሙ ለመጨረሻ ጊዜ ይጠራል፣ ማንም አይመልስም፣ ከዚያ ይሰረዛል።

«ይልቃል!» ይላል ሀምዳን።

«አቤት!» ይላል ሸዋንግዛው። ሸዋንግዛው የጉምሩክ ሹም ነበር፤ ሥራ ከለቀቀ ጀምሮ ባሕር ብቻ ይስላል፤ ባሕሩም ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። «አዲስ አበባ አገኘሁት። የመንገድ መሐንዲሱ ንብ እያረባ ነው። አንድ ዐይኑ አብጦ ነበር።»

«ሙሉአለም!»

«አቤት!» እላለሁ እኔ። «ኮምቦልቻ ናት። ሒሳብ ማስተማሯን ትታ ክራር ትማራለች። ጎረቤቶቿ ሊከሷት ነው።»

«ንጋቱ!»

«አቤት!» ይላል አበጀ። «መንኩሷል። ያ ሁሉ ሬዲዮ መጠገን ለዚህ ኖሯል። ስንለያይ ይቅር በለኝ አለኝ፤ ምን እንዳደረገኝ ግን አልነገረኝም።»

እንስቃለን። ከዚያ ሀምዳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፍሬው አሥራት» ይላል።

«አቤት» እላለሁ።

ወሬ የለኝም። ሀምዳን ትንሽ ይጠብቀኛል፤ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም ይሄዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። አበጀ በዚያች ሰዓት ሁልጊዜ ግድግዳውን ያይ ነበር። ለእኔ አዝኖ ይመስለኝ ነበር።

በ1990 ጥር መጨረሻ ላይ ነው፤ ሳሙና ስቆርጥ አበጀን እንዲያግዘኝ ጠየቅኩት። ሳሙና ሲቆረጥ ሁለት ሰው ሽቦውን ከዚህና ከዚያ ይዞ እኩል መሳብ አለበት። ፊት ለፊት ቆምን። ሽቦው ወደ ሳሙናው ሲገባ ድምፅ የለውም። ዐይኑን ወደ እኔ ሲያነሳ ዐይኔን ወደ ሽቦው አወርዳለሁ፤ እኔ ሳነሳ እሱ ያወርዳል።

«ትሩፋት።»

«ቀጥ አድርገህ ያዝ።»

«ይዣለሁ። አግቢኝ።»

ሽቦው ተጣመመ። ያ ሁሉ ሳሙና ጎባጣ ሆኖ ቀረ።

«ምን አልክ?»

«ሰምተሻል።»

«ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ ነው የታየሁህ?»

«አይደለም። ስትታዪኝ ኖረሻል።»

ልቤ መታ። እውነቱን ለመናገር ከመታም ቆይቷል፤ ሳሙናውን በጋዜጣ ስጠቀልልለት ጥሩ ጥሩ ዜና ያለበትን ገጽ እየመረጥኩ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ወድጄዋለሁ። ግን በዚያው ቅጽበት ግቢው ውስጥ ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። አበጀ አልሰማም።

«ፍሬውንስ ምን ላድርገው?» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሽቦውን አስቀመጠ። «እሱን... እሱን እኔ...» ብሎ ጀመረና ተወው። የቀና መሰለኝ።

«እስከ መጋቢቱ ስብሰባ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት።

የወሰንኩትን ለማንም አልተናገርኩም። በመጋቢቱ ስብሰባ የፍሬው ስም ሲጠራ ዝም እላለሁ። አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ሀምዳን ይገባዋል፤ ይሰርዘዋል። አበጀም መልሱን በዚያው ያገኛል። ቀላል ይመስላል። አንድን ሰው በገዛ ዝምታዬ ልቀብር እንደነበር ግን አውቅ ነበር፤ አምስት ሳምንት እህል አልወርድ አለኝ። የፍሬውን ፎቶ አውጥቼ፣ «እስኪ አንድ ነገር በለኝ» አልኩት። ከንፈሩን ገጥሞ አየኝ። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሳይረኑ ከበፊቱ ይልቅ ጮክ ብሎ ይሰማኝ ጀመር።

እሑድ ደረሰ። አዲስ ቀሚሴን ለበስኩ። ዙለይኻ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ጣቷን ነከሰች። አበጀ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ከስቷል።

ሀምዳን መጥራት ጀመረ። የንቡ፣ የክራሩ ወሬ አለፈ። ጥርሴን ገጠምኩ።

«ፍሬው አሥራት።»

ዝም አልኩ። ሀምዳን ቀና ብሎ አየኝ።

«አቤት» አለ አበጀ።

«ተሳስተሃል፣ አበጀ፤ ፍሬው ነው የጠራሁት» አለው ሀምዳን በቀስታ።

«አልተሳሳትኩም። መጨረሻ ያየሁት እኔ ነኝ።»

ሸዋንግዛው ሻዩን ሊጠጣ ያነሳውን ብርጭቆ እንደያዘ ቀረ። አበጀ ተነስቶ ቆመ። ደንቡ ወሬውን መናገር ነውና ተናገረ፤ ወደ እኔ ግን አላየም።

«ያን ቀን ሊይዙት እንደሆነ ሰማ። እኔ ጋ መጣ። በማጣሪያው ፒካፕ ሸራ አልብሼ በይሉል አደረስኩት። ሁመድ የሚባል የሳምቡክ ጀልባ ባለቤት ማዶ፣ የመን ሞካ ሊያሻግረው ተስማማ። ባሕሩ ዳር ተለያየን። እኔ ተመለስኩ።»

«ተሻገረ?» ያልኩት እኔ ነኝ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ተሻግሯል ብዬ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ማዶ አግብቶ ወልዶ ይኖራል ብዬ ነበር የማስበው። ሁመድም እዚያው ሞካ ቀረ። ከተመለሰ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በይሉል በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ ፈርቼ ግን አልጠየቅኩትም። ባለፈው ሳሙና ስንቆርጥ አንቺ፣ ፍሬውን ምን ላድርገው ስትይኝ ሄጄ ጠየቅኩት። ነፋስ ከለከላቸው። ሦስት ቀን ከዚያው ዳርቻ ቆዩ። ወባ ያዘው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሁመድ ቀበረውና ተሻገረ።»

በይሉል ከአሰብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። አቤት ስልለት የኖርኩት ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ከአጠገቤ ተኝቷል።

ተነስቼ ወጣሁ። አበጀ መንገድ ላይ ደረሰብኝ። ነፋሱ አሸዋውን ፊታችን ላይ ይረጨው ነበር።

«ሁለት ቀን ሙሉ ስጠየቅ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ብታውቂ ኖሮ ትናገሪያለሽ፤ ወይ ሳትናገሪ ትሞቻለሽ ብዬ ነው።»

«እሺ። ከዚያ በኋላስ? ዘመኑ ሲያልፍስ?»

«ይጽፍልሻል ብዬ ጠበቅኩ። አልጻፈም። ረስቷታል አልኩ። ተረስተሻል ከምልሽ እየጠበቅሽው ብትኖሪ የሚሻልሽ መሰለኝ።»

«አንተ ነህ ለእኔ የምትመርጥልኝ?»

ነጠላዬን ከነፋሱ ሰብስቤ ያዝኩ።

«አትንገራት ያለህ እሱ ነው?»

ዐይኑን ወደ ባሕሩ አዞረ። በልቤ፣ እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ እስከ መጨረሻው አስቦልኝ ነው የሄደው አልኩ።

«ከዚያ ወደድኩሽ» አለ አበጀ። «ከወደድኩሽ በኋላ ደግሞ ብናገር ለራሴ ስል የተናገርኩ መሰለኝ።»

«ሶሲ ሌላ ሰው አለ ያለችው...»

«እናንተ ናችሁ። ሁለታችሁም።»

ትቼው ሄድኩ። ዳግመኛ ግቢዬ እንዳይመጣ ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር እስካሁን አልተረዳሁትም። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ሳይረን አልተሰማም። ጠጠሩም ዝም አለ። በሦስተኛውም፣ በዐሥረኛውም ቀን እንዲሁ። ገበያ ወጣሁ፤ የሰው ሁሉ ጀርባ የየራሱ ነበር። ፍሬው መምጣቱን አቆመ። ሰው እንደዚህ ሲሆን ተገላገልኩ ይላል። እኔ ግን ቤቴ ባዶ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ያ ሁሉ ዘመን ሁለት ሙታን ሆነን ኖረናል፤ አንዷ እኔው ነበርኩ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ደግሞ ሳልፈልግ የምሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። «ይዣለሁ» ያለኝ ድምፅ። ሰደብኩት። አልሄደም።

የሚያዝያውን ስብሰባ ቀረሁ። ዙለይኻ መጣች።

«ልፈርድ አልመጣሁም፤ ሳሙና አልቆብኝ ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ። ከዚያ ተቀመጠች። «ሀምዳን ስሙን አልሰረዘውም። አንቺ በሌለሽበት እጄ አይታዘዘኝም አለ።»

«አበጀስ?» አልኩ። አፌ አመለጠኝ።

«ሰው ሆኖ አልሰነበተም። በድሎሽ ይሆናል፣ በድሎሻልም። ግን ትሩፋትዬ፣ ያን ቀን አንቺ ዝም ስትይ እሱም ዝም ቢል ኖሮ ዛሬ ሙሽራ ነበራችሁ። ዝም እንደምትዪ ፊትሽ ላይ እኔ እንኳ አይቻለሁ። እሱ አላየም ትያለሽ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሳሙናዋን ይዛ ሄደች፤ እኔ ግን እስኪመሽ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

በማግስቱ አሰብ ሰጊር ወረድኩ። አበጀ ሞተር ፈታቶ አሸዋው ላይ ዘርግቷል። ሲያየኝ ብሎኑ ከእጁ ወደቀ።

«ፍሬው ጋ ውሰደኝ» አልኩት።

ንጋት ላይ በትንሽ ጀልባ ተነሳን። መንገዱን ሁሉ አልተነጋገርንም። እሱ መሪውን፣ እኔ ዳርቻውን እያየን ፀሐይ ወጣችብን። በይሉል ስንደርስ ሁመድ ባሕሩ ዳር ጠበቀን፤ ቀጭን፣ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለና ምንም ሳይጠይቅ ቀደመን። ከሰፈሩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ማዕበሉ ከማይደርስበት አሸዋ ላይ፣ የተከመረ ጥቁር ድንጋይ ነበር።

«ሃይማኖቱን አልጠየቅኩትም» አለ ሁመድ በዓፋርኛ፤ አበጀ ይተረጉምልኝ ነበር። «እኛ አባቶቻችንን እንደምንቀብረው ቀበርኩት።»

«እግዜር ይስጥዎት፣ አባባ» አልኩ። «ሲሞት የተናገረው ነገር ነበር?»

ሽማግሌው የወደቀ ድንጋይ አንስቶ ክምሩ ላይ መለሰ።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲናገር ነው ያደረው። በአማርኛ ነበር። ያኔ አማርኛ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅ። ውኃ ብቻ ሰጠሁት።»

ከዚህ በኋላ ወደ ጀልባዎቹ ሄደ። ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመጨረሻ ቃሉ በማይገባው ሰው ጆሮ ላይ ቀርቷል። እንግዲህ የቀረኝ አንድ ሰው ነው።

«አንተ ስትለየው ስለ እኔ ምን አለህ?»

አበጀ አየኝ። በላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረች ሴት ፈሳሽ ቀለሙን ሊለውጥ ሲል ታውቃለች። ፊቱ ላይ አንድ ጥሩ ቃል ሲመጣ አየሁ፤ ተወዳጅ፣ የሚያጽናና፣ ዕድሜ ልኬን ይዤው የምኖር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቃሉን ዋጠው።

«ምንም» አለ።

«ምንም?»

«ስለ አንቺ ምንም አላለም። አትንገራት ያለኝም እሱ አልነበረም፤ እኔው ነኝ። ፈርቶ ነበር። ጀልባው ድረስ ውኃ ውስጥ መሄድ ነበረበት። ጫማው አዲስ ነው። ይበላሽብኛል እያለ ሲነጫነጭ ቆየና አውልቆ አናቱ ላይ ተሸክሞ ገባ። ዞር ብሎም አላየኝ።»

መጀመሪያ ምን እንደነካኝ አላወቅኩም። ከሆዴ የሆነ ነገር ገንፍሎ ወጣ፤ ሳቅ ነበር። ፍሬው! በቀን ሁለት ጊዜ ጫማ የሚጠርገው ፍሬው፣ ጫማዬን ረገጡኝ ብሎ የእህቱን ሰርግ ጥሎ የወጣው ፍሬው! እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ያለቀስኩለት ሰው የማይነጫነጭ፣ የማይፈራ፣ እኔን ብቻ ሲያስብ የጠፋ ቅዱስ ነበር። እንዲያ ያለ ሰው ኖሮም አያውቅ። እውነተኛው ልጅ፣ የወደድኩት፣ የሚያናድደኝ፣ ጫማውን አናቱ ላይ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ ሲገባ አሁን ገና ታየኝ። ሳቁ አልቆም አለኝ፤ አልቆም እንዳለኝም ለቅሶ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሞተ ሰው አለቀስኩለት። አበጀ አልነካኝም፣ አላባበለኝም። ራቅ ብሎ አሸዋው ላይ ቁጭ አለና እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ ተነሳሁ።

«ለምን አልዋሸኸኝም? ልትዋሸኝ ነበር እኮ፤ አይቼሃለሁ።»

«ስለማዝንልሽ አንዴ ዝም ብዬሽ ሃያ ዓመትሽን በላሁት» አለ። «ከእንግዲህ አላዝንልሽም።»

ወደ ጀልባው መለስ አልን። ድንጋዩ ያንሸራትታልና ክንዱን ያዝኩ። ሁመድ ከሩቅ እጁን አነሳልን።

«ይቅር አላልኩህም» አልኩት ጀልባው ውስጥ ተቀምጬ።

«አውቃለሁ።»

«ለረጅም ጊዜም የምልህ አይመስለኝም።»

«እጠብቃለሁ።»

«እኔ ግን መጠበቅ ሰልችቶኛል፤ ይቅር ሳልልህ አገባሃለሁ።»

አበጀ ጀርባውን ሰጥቶኝ የሞተሩን ገመድ ሳበ። አልተነሳም። ደግሞ ሳበ። የበይሉልን ጀልባ ሁሉ ሲጠግን የከረመ ሰው፣ የገዛ ሞተሩን ለማስነሳት ሰባት ጊዜ ሳበው።